መጋዝ ክፍት ነው

ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ማማው ጫፍ ላይ መድረስ አለብኝ። ደረጃው መቶ አርባ ሁለት ነው። ሊፍት አለ፤ ግን ደንቡ እማኝ በእግሩ እንዲወጣ ያዛል። ደረጃ መውጣት ያቃተው ሰው ባሕር ለማየትም አይበቃም ተብሎ ነው መሰለኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ጉልበቴ በየቀኑ የሚያቀርበውን አቤቱታ ደንቡ ሰምቶት አያውቅም።

ላይ ከደረስኩ በኋላ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ለሃያ ደቂቃ ባሕሩን አያለሁ፤ መጋዝ ክፍት እስከሆነ ድረስም ይኸው ቀኑን ሙሉ ይደጋገማል። ማየት ግዴታ ነው። ዓይኔ ከመስኮቱ ከሦስት ሰከንድ በላይ ከራቀ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። በመጀመሪያው ዓመት ሃያው ደቂቃ አንዳንድ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብኝ ነበር። አሁን ዓይኔ ተገርቷል። እንዲያውም ተገርቶ አልፏል፤ ቤቴም ገብቼ ግድግዳ ላይ እንደማፈጥ ጎረቤቴ ነግራኛለች።

ከዚያ ትንበያው፣ ባሕሩን የሚለካው ማሽን፣ የጻፈልኝን ዘገባ በራሴ ድምፅ አነባለሁ።

«ሞገድ ከደቡብ ምዕራብ፣ አሥራ አንድ ሜትር። በሞገድና በሞገድ መካከል አሥራ ሰባት ሰከንድ። ነፋስ ከየብስ፣ ለስላሳ። ባሕር ግማሽ ሙላት። የሰዎቹ ሁኔታ፣ የተሟላ። መጋዝ ክፍት ነው።»

መጋዝ የዐለቱ ስም ነው። ከዳርቻው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ውሃ ውስጥ የተኛ ኮራል ነው። ጥልቁን ባሕር አቋርጦ የመጣው ሞገድ እሱ ላይ ሲደርስ መሄጃ ያጣና ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ይደረመሳል። ሲደረመስ ከሥሩ ያለው ውሃ ሁሉ ተስቦ ዐለቱ አፍጥጦ ሊወጣ ይደርሳል፤ እዚያ ላይ የወደቀ ሰው ቆዳውን ትቶ ነው የሚነሣው፣ ከተነሣ። በዓለም ላይ ይህን ሞገድ በሰሌዳ ለመጋለብ ፈቃድ ያላቸው ሠላሳ አንድ ሰዎች ብቻ ናቸው። ለጀማሪ አይሆንም። ጎበዝ ነኝ ለሚልም አይሆንም።

ትንበያው ስለ ባሕር ተሳስቶ አያውቅም። ግን ሰው በሞተ ጊዜ ትንበያን ፍርድ ቤት ማቆም አልተቻለም። ስለዚህ «ክፍት ነው» የሚለውን ቃል ሰው እንዲናገረው ተወሰነ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ያልወሰንኩትን ነገር በአፌ መናገር። ለሥራው ከደጋ የመጣን ሰዎች እንመረጣለን። ባሕር ስለማናውቅ ከትንበያው ጋር አንከራከርም ይባላል። እውነታቸውን ነው። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን ተከራክሬ አላውቅም።

«የሰዎቹ ሁኔታ» የሚለው ከሌላው ሁሉ በኋላ የተጨመረ ነው። ሞገዱና ነፋሱ እንደሚለካ ሁሉ ጋላቢዎቹም ይለካሉ። ስንት ሰዓት እንደተኙ፣ ምን እንደበሉ፣ ልባቸው እንዴት እንደሚመታ፣ ማታ ከማን ጋር እንደተጣሉ። በሦስት ቀን ውስጥ ከባድ ኀዘን የሰማ ጋላቢ ውሃ አይገባም። እሱ ራሱ ዝግ ይባላል። እንደ ዐለቱ።

እኛ ሰፈራችን ከዳርቻው ጀርባ ኮረብታው ላይ ነው። አራት መቶ ያህል ነን፤ አብዛኛው ሰው ጨው የሚያጣራው ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው። ባሕሩ የድሮውን ወደብ ከዋጠ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ ከኛ ሰው ያለ ጉዳይ ወደ ውሃው የሚወርድ የለም። እኔም ብሆን ለእንጀራ እንጂ ወድጄ አላየውም።

የሺመቤት ልጅ ናርዶስ ብቻ ናት የተለየችው። እዚሁ ተወልዳ በስምንት ዓመቷ ውሃ ውስጥ የገባች፣ ከሠላሳ አንዱ አንዷ ናት። የሺና እኔ በአንድ መርከብ ነው የመጣነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ኖረናል። ናርዶስን ስታምጥ የሺን የያዝኳት እኔ ነኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው አሁን። ፈቃድ ካገኘች ሰባት ዓመት ሆኗት፣ መጋዝ አሥራ አራት ሜትር የሚሆንበትን ቀን ስትጠብቅ ነው የኖረችው። አንዴ ትከሻዋ ተሰብሮ፣ አንዴ ጉንፋን ይዟት ተዘግታ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ባሕሩ ራሱ ቀርቶ።

የሺ ከታመመች ሦስት ወር ነበር። ሆስፒታሉ ከደሴቱ በስተጀርባ ነው። ሆስፒታሉም የራሱ ትንበያ አለው፤ ገና ሦስት ሳምንት አላት ብሎ ነበር። ናርዶስ ሰኞ ማታ ጠይቃት ተመለሰች። እናቷ ሳቀችና «ሂጂ ልጄ፣ ባሕርሽ አይቅርብሽ» አለቻት አሉ።

ማክሰኞ ማለዳ ዘገባውን እያነበብኩ «የሰዎቹ ሁኔታ፣ የተሟላ» የሚለው ላይ ስደርስ ፊት ለፊቴ ያለው ጠረጴዛ በራ። «መጋዝ ክፍት ነው» ብዬ ጨረስኩና አየሁት።

የሺመቤት አርፋለች ይላል። ሰዓት፣ አሥራ አንድ ከአርባ አንድ። በክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው፣ የለም። ተቀባይ፣ ውድነሽ። የሺ እኔን ነው ያስመዘገበችው። ከሥሩ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው «አሁኑኑ ለልጇ ይነገር»፣ ሁለተኛው «እኔ እነግራለሁ»። ሁለተኛውን ነካሁት። «እስከ ስድስት ሰዓት» ብሎ መለሰልኝ። እኔ እስከዚያ ካልነገርኳት ትንበያው ራሱ በረጋ ድምፁ፣ ጆሮዋ ላይ ባለው ሬዲዮ ይነግራታል። የትም ትሁን የት።

አለቀስኩ ማለት አልችልም። ዓይኔን ከመስኮቱ ማንሣት ስለማይቻል ባሕሩን እያየሁ ተቀመጥኩ። ስድስት ጋላቢዎችና ናርዶስ ሰሌዳቸው ላይ ተኝተው ወደ ውሃው ሲገቡ አየኋቸው። ደክሞኝ ነበር። ከሌሊቱ እንቅልፍ ማጣት ያልሆነ፣ ከብዙ ዓመት የመጣ ድካም።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ማንም አላስተማረኝም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰው ብቻውን ሆኖ አይነገረውም። ሆዱ ባዶ ሆኖ አይነገረውም፣ መንገድ ላይ አይነገረውም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመጣል፣ በሩ አጠገብ ሊይዘው የሚችል ጠንካራ ሰው ይቀመጣል። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ያውቃል፣ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። ይህን ለትንበያው ማስረዳት ሞክሬ አላውቅም።

ሒሳቤ ቀላል ነበር። መጋዝ በአራት ሰዓት ይዘጋል። አምስት ሰዓት ላይ ቤቷ ትገባለች፣ እህል ትቀምሳለች፣ አምስት ተኩል ላይ ይነገራታል። ለእድሩ ሊቀመንበር ለአቶ ጌጡ ደወልኩላቸው።

«ጋሽ ጌጡ፣ የሺ አርፋለች።»

«ልጅቷስ?» አሉኝ።

«ውሃ ውስጥ ናት። አታውቅም። ቤቷ ሰው ይሰብስቡልኝ። በአምስት ሰዓት ትመጣለች።»

«ግድ የለሽም ውድነሽ፣ ለኔ ተዪው» አሉኝ።

ለሳቸው ተውኩት።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አዲስ ዘገባ መጣ። ሞገድ አሥራ አራት ሜትር ከግማሽ። በሞገድና በሞገድ መካከል ሃያ ሰከንድ። ነፋስ ከየብስ። መዝጊያው ከአራት ወደ ስምንት ሰዓት ተራዝሟል። ይህን በራሴ ድምፅ አነበብኩት። ናርዶስ ውሃው ላይ ሆና «እልል!» ስትል በሬዲዮው ሰማኋት።

አምስት ሰዓት ሆነ። ሁለት ሞገድ ጋልባለች፤ ትልቁን ግን ገና ትጠብቃለች።

«ናርዶስዬ፣ ወጣ በይና እህል ቅመሺ» አልኳት።

«እትዬ! ዛሬ? ከሰባት ዓመት በኋላ?» ሳቀች። «ከፈለግሽ ይመር ዳቦ ያምጣልኝ።»

ይመር የነፍስ አድን ሞተሩን የሚነዳው የኛው ሰው ነው። ከዐለቱ ጎን ጸጥ ያለው ውሃ ላይ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚወድቅ ሰው ይጠብቃል። ሄደህ በግድ አምጣት ልለው አልችልም። ጋላቢን ያለፈቃዱ ከውሃ ማውጣት ወንጀል ነው።

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያላደረግኩትን አደረግኩ። ማይኩን ከፍቼ «መጋዝ ዝግ ነው» አልኩ። ትንበያው ምክንያት ጠየቀኝ። ነፋስ አልኩት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ቀይ መስመር በራ፤ «የእማኝ ቃል፣ ሐሰት» ይላል። ወዲያው ከማላውቀው ከተማ የአንድ ደከም ያለ ሰው ድምፅ ገባና፣ እሱም የራሱ ወንበር ላይ የተቀመጠ እማኝ ነው፣ «መጋዝ ክፍት ነው» አለ። ጋላቢዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ሁሉም ነገር ከአንድ ደቂቃ በላይ አልፈጀም።

በአንድ ቀን ሁለት ሐሰት የተመዘገበበት እማኝ በዚያው ቀን ማማውን ይለቃል። የመኖሪያ ወረቀቱም አብሮት ይሄዳል። አንዱን ተጠቀምኩበት፣ ምንም አላመጣም።

ለስድስት ሃያ ጉዳይ ላይ ይመር በሬዲዮ ጠራኝ።

«እትዬ፣ ሰፈሩ በሙሉ ዳርቻው ላይ ቆሟል። ምንድን ነው ነገሩ?»

ወደ ኋላኛው መስኮት ዞርኩ። ቆጠራው ይጀምር፣ የራሱ ጉዳይ። ሁለት መቶ ሰው ይሆናል። ጥቁር የለበሰ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ያጣፋ፣ ጋቢ የደረበ። ከፋብሪካ የሌሊት ሽፍት የወጡት ሳይተኙ መጥተዋል። ባሕሩን እንደሚፈራ ሰው ከውሃው ራቅ ብለው፣ ተጠጋግተው፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። አቶ ጌጡ ፊት ናቸው። ደወልኩላቸው።

«ጋሽ ጌጡ፣ ምነው? ቤቷ አላልኩም?»

«ብለሻል። ግን አሰብኩበት። ከውሃ ስትወጣ አንዱ ባዕድ ዘርግፎ ቢነግራትስ? እኛ ቀድመን ብንቀበላት ይሻላል ብዬ ነው።»

«ጥቁር ለብሳችሁ?»

«ታዲያ ምን እንልበስ?»

«ከውሃው ላይ ትታያላችሁ እኮ! ይመልሷቸው።»

ትንሽ አሰቡ። «አሁን ሁለት መቶ ሰው ዞሮ ቢሄድ የባሰ አይሆንም?» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ልመልስላቸው ስል ሬዲዮው ጮኸ። ሞገድ ላይ ያለ ሰው ሞገዱ ከፍ ባደረገው ቁጥር ለአንድ አፍታ ዳርቻውን በሙሉ ያያል። ከዚያ ዝቅ ይልና ውሃ ብቻ ይሆንበታል። ስንት ጊዜ ከፍ ብላ እንዳየቻቸው አላውቅም።

«እትዬ» አለች። ሳቋ የለም። «እነዚያ ሰዎች ለማን ነው የመጡት?»

ሰዓቱን አየሁ።

«እትዬ ውድነሽ?»

«ቆይ ልጄ» አልኳት።

ለስድስት አሥራ ሦስት ጉዳይ ነበር። ሞገዶች በረድፍ ነው የሚመጡት፤ አምስት ወይም ስድስት ተከታትለው ይመጡና ባሕሩ ፋታ ይሰጣል። ፋታው መጋዝ ላይ አሥራ ስምንት ደቂቃ አካባቢ ነው፣ ጨረቃዋ ስትሞላ ደግሞ ያጥራል። ይህን ማንም አልነገረኝም። አሥራ አንድ ዓመት በግድ ሳይ ዓይኔ የያዘው ነው። የመጨረሻው ረድፍ ገና አሁን ማለፉን አይቻለሁ። ማማ ላይ በተቀመጥኩበት ዘመን ሁሉ፣ ያየሁት ነገር ለአንድ ነገር ሲጠቅመኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ይመር።»

«አቤት እትዬ።»

«ወደ ናርዶስ ሂድ። ሞተሩን አጥፋና ተጠጋት።»

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። ሂድ ብዬሃለሁ።»

ከዚያ የጋራውን መስመር ከፈትኩ። እኔ የምለው ለእያንዳንዱ ጋላቢ በየቋንቋው ነው የሚደርሰው። ለጭጋግ ጊዜ የተፈቀደ አንድ ትእዛዝ አለ፤ «ሰብሰብ በሉ» የሚል። ጭጋግ አልነበረም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር።

«ሰብሰብ በሉ» አልኩ። «ሁላችሁም ናርዶስን ክበቡ። ተጠጉ።»

ትንበያው ምክንያት ጠየቀኝ። አልመለስኩለትም። መልስ ካልሰጡት ሐሰት ሊል አይችልም፤ ጥያቄውን ብቻ ይደጋግማል።

ስድስቱ ተያዩ። እነሱም ማለዳ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ውሃ ላይ የተቀመጡ፣ ከንፈራቸው በጨው የተሰነጠቀ፣ የደከማቸው ሰዎች ናቸው። አንድ ፂማም ሰውዬ መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ተኝቶ መቅዘፍ ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት። ይመር ሞተሩን አጠፋ።

ለስድስት ሰባት ጉዳይ።

«ናርዶስ።»

«አቤት።»

«ይመር አጠገብሽ ነው?»

«ክንዴን ይዞኛል። ሁሉም መጥተዋል። እትዬ፣ ንገሪኝ በቃ።»

ለአርባ ዓመት ያህል ብዙ መርዶ ላይ ተቀምጫለሁ። አንድም ቀን ተናጋሪዋ እኔ ሆኜ አላውቅም። ሽማግሌ ነው የሚናገረው፤ ዙሪያውን ዞሮ፣ ስለ ሰው ልጅ ሟችነት ተናግሮ፣ እግዜርን ጠርቶ ነው የሚደርስበት። ዙሪያውን የምዞርበት ጊዜ አልነበረኝም።

«የሺ አረፈች። እናትሽ አረፈች፣ ልጄ።»

በማማው የርቀት መነጽር አየኋት። መጀመሪያ ምንም አልሆነችም። ከዚያ ፊቷን ሰሌዳው ላይ ደፋች። ይመር ከሞተሩ ላይ ወርዶ ውሃ ውስጥ ገባና ከነሰሌዳዋ አቀፋት። ፂማሙ ሰውዬ የነገርኳት ይግባው አይግባው አላውቅም፤ እጁን ሰሌዳዋ ላይ አሳረፈ። ቀጥላ ያለችው ሴት የሱን ትከሻ ያዘች። ሌሎቹም እንዲሁ አደረጉ። ማንም አላዘዛቸውም።

ዳርቻው ላይ ያለው ሰው ይህን መሰባሰብ አየ። አንዲት ሴት ጮኸች፣ ከዚያ ሁለት መቶው በአንድ ላይ። ነፋሱ ከየብስ ስለነበር ለቅሶው ሳይጎድል ውሃው ላይ ደረሰ። በናርዶስ ሬዲዮ ውስጥ እንኳ ሰማሁት፤ «የሺዬ፣ የሺ የደሃ እናት» ይላል አንዱ። እኔም ያን ጊዜ አለቀስኩ። ዓይኔ ባሕሩን ማየት ስላቃተው ቆጠራው ተቋረጠ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ጠረጴዛው ላይ «ተነግሯል» የሚል ቃል በራ። የናርዶስ ስም ከክፍት ወደ ዝግ ተቀየረ። ሰባት ዓመት የጠበቀችው ባሕር በዚያው አለፋት።

«እትዬ» አለችኝ። ድምፅዋ ተሰብሯል።

«አለሁ ልጄ።»

«ማን ነበር አጠገቧ?»

በክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው፣ የለም። መልእክቱ እስካሁን ፊቴ ላይ ነው።

«እኔ ነበርኩ» አልኳት። «እጇን ይዤ ነበር።»

ሁለተኛው ቀይ መስመር በራ። ከሥሩ ማማውን የምለቅበት ሰዓት ተጻፈ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ይላል። የምሳፈርበት መርከብ ስምም አለ።

ናርዶስ ያን ማለዳ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ አንድ ላይ፣ ሰሌዳዋን ብብቷ ውስጥ ይዛ ዳርቻው ላይ ቆማ ድምፄን ከማማው ስትሰማ ነበር። የት እንደነበርኩ ታውቃለች። በሬዲዮው ውስጥ የውሃው ድምፅና የይመር ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«ምን አለችሽ?» አለችኝ።

«ስምሽን ጠራች።»

«ሌላስ?»

ከአድማሱ ላይ የቀጣዩ ረድፍ የመጀመሪያው መስመር ጠቆረ። ይመር እንዲያወጣት ነገርኩት። ሞተሩን አስነሥቶ ከኋላው አስቀመጣት፤ ስድስቱም ግራና ቀኝ ሆነው ወደ ጸጥተኛው ውሃ አጀቧት። ጠረጴዛው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀልቷል። እኔ ግን የሺ ምን እንዳለች፣ እንዴት እንደሳቀች፣ ትራሷን እንዴት እንዳስተካከልኩላት መናገሬን ቀጠልኩ። ዳርቻው ደርሳ ጋሽ ጌጡ ነጠላቸውን ትከሻዋ ላይ እስኪጥሉላት ድረስ አላቆምኩም።